ደረሰኜ ላይ ቺፕሱ ታክስ የለበትም፣ ከረሜላው አለበት፤ በሜሪላንድ ከሽያጭ ታክስ ነፃ የሆነው የትኛው ዕቃ ነው?

አዲስ ገቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከሕፃን ልጃችን ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ከመጣን ስድስት ወር ሊሞላን ነው። ሥራ አግኝተናል፤ ቤትም ተከራይተናል። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር ቢኖር በየሳምንቱ አስቤዛ ገዝቼ ስመለስ በእጄ የምይዘው ደረሰኝ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑን ስለማውቅ ሒሳቡን በቃሌ እሠራው ነበር። እዚህ ግን መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ታክሱን ስለማይጨምር፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት እስክቆም ድረስ የምከፍለውን በትክክል አላውቅም።

ያለፈውን ቅዳሜ ላስረዳ። የጤፍ ዱቄት፣ እንጀራ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ሁለት ፓውንድ የበሬ ሥጋ፣ ወተትና አንድ ትልቅ ከረጢት የድንች ቺፕስ ገዛሁ፤ በእነዚህ ላይ ምንም ታክስ አልታሰበም። በዚያው ደረሰኝ ላይ የ9 ዶላር ለስላሳ መጠጥ፣ የ4 ዶላር ከረሜላ፣ የ14 ዶላር የልብስ ሳሙና፣ የ28 ዶላር ዳይፐርና የ8 ዶላር ትኩስ ሳምቡሳ አሉ፤ በእነዚህ አምስቱ ላይ 6 በመቶ ታስቦ 3 ዶላር ከ78 ሳንቲም ከፍያለሁ። ገንዘቡ በዝቶብኝ አይደለም። ነገር ግን ቺፕስ ነፃ ሆኖ ከረሜላ የሚከፈልበት፣ ሥጋው ነፃ ሆኖ ሥጋው ያለበት ሳምቡሳ የሚከፈልበት ምክንያት ምንድን ነው? ዳይፐርስ ለሕፃን ልጅ ቅንጦት ነው ማለት ነው? ባለቤቴ «ሱቁ እንደፈለገው ነው የሚያስከፍለው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ሕግ ሳይኖረው አይቀርም እላለሁ። ደንቡን የምታውቁ ብታስረዱን የቤታችንን ክርክር ትገላግሉናላችሁ።

እንግዳ ከላውረል

ወንድሜ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ለኑሮ የግድ የሚያስፈልገው ሁሉ ነፃ ነው፤ የማያስፈልገው ይከፈልበታል። ለስላሳና ከረሜላ ባይኖሩ ማንም አይሞትም።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሮክቪል

ከላይ የተሰጠው መልስ ብዙ ሰው የሚያምንበት ቢሆንም ትክክል አይደለም። ሳሙና ለኑሮ የግድ ያስፈልጋል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን ይከፈልበታል። የልጅ ጫማም ያስፈልጋል፤ ይከፈልበታል። ቺፕስ ማንንም አያድንም፤ ነገር ግን ነፃ ነው። ሕጉ «ይህ ነገር ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዕቃው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን እንደሸጠውና ከሱቁ ሲወጣ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። የሽያጭ ታክስ የፌዴራል መንግሥት ታክስ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በራሱ ሕግ የሚጥለው ነው። ለዚህ ነው አትላንታ ያለው ዘመድዎ የሚነግርዎ ነገር ለእርስዎ የማይሠራው። የሜሪላንድ ምጣኔ ከ2008 ጀምሮ 6 በመቶ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ካውንቲና ከተማ የራሳቸውን የሽያጭ ታክስ ስለማይጨምሩበት ሲልቨር ስፕሪንግም ባልቲሞርም አንድ ነው። ታክሱን የሚሰበስበው የኮምፕትሮለር፣ ማለትም በሕዝብ የሚመረጠው የክፍለ ግዛቱ የገንዘብ ኃላፊ፣ ጽሕፈት ቤት ነው። ሕጉ ማንኛውም የሚዳሰስ ዕቃ ይከፈልበታል ብሎ ይነሣና ነፃ የሆኑትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ስለዚህ ነፃ መሆኑ ያልተጻፈ ዕቃ ይከፈልበታል፤ ሳሙናው የተያዘው በዚህ ነው።

ከነፃዎቹ ትልቁ ምግብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግሮሰሪ ማለት ቢራ የሚጠጣበት ትንሽ ቤት ሲሆን እዚህ ግን የምግብ ሸቀጥ መደብር ነው፤ ልዩነቱን ያነሣሁት ሕጉ የተንጠለጠለው በዚሁ ቃል ላይ ስለሆነ ነው። ሻጩ የግሮሰሪ ሥራ የሚሠራ፣ ማለትም ከምግብ ሽያጩ ቢያንስ 10 በመቶው የግሮሰሪ ምግብ የሆነ መደብር ከሆነና ምግቡ ከሱቁ ውጭ የሚበላ ከሆነ ታክስ የለበትም። ጤፉ፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ፣ ሥጋው፣ ወተቱና እንጀራው በዚህ በር አልፈዋል። ከዚህ ውስጥ ሕጉ መልሶ የሚያወጣቸው አሉ፤ እነርሱም የአልኮል መጠጥ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላና ጣፋጭ ናቸው። አልኮል እንዲያውም ከ2011 ጀምሮ 9 በመቶ ነው።

ቺፕስን በተመለከተ ታሪክ አለው። ሜሪላንድ በ1992 ቺፕስና የመሳሰሉት ቁርሳ ቁርሶች ላይ ታክስ ጥላ ነበር፤ በ1997 አነሣችው። ከረሜላ ግን ከታክሱ አልወጣም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የጤናም ሆነ የአስፈላጊነት ልዩነት አይፈልጉ፤ ልዩነቱ አንዱ በምክር ቤት ጠበቃ ማግኘቱና ሌላው አለማግኘቱ ነው።

ሳምቡሳው የተከፈለበት ሱቁ ስላሞቀው ነው። ወዲያው ለመበላት የተዘጋጀ ምግብ ከግሮሰሪም ቢገዛ ነፃነቱን ያጣል፤ በዚህ ስም ሕጉ የሚጠራቸውም የሞቀ ምግብ፣ ወዲያው የሚበላ ሳንድዊች፣ ከሰላጣና ከሾርባ መደርደሪያ በራስ የሚቀዳ ምግብ፣ ለድግስ የሚዘጋጅ ትሪና ከአንድ ፓይንት (ግማሽ ሊትር ገደማ) ባነሰ ዕቃ የሚሸጥ አይስክሬም ናቸው። ትልቁን አይስክሬም የገዛ ነፃ ሲሆን ትንሹን የገዛ ይከፍላል።

ዳይፐሩ ግን ስሕተት ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሜሪላንድ ዳይፐር፣ ጡጦና የሕፃን የመኪና ወንበር ከሽያጭ ታክስ ነፃ ሆነዋል፤ የጥርስ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽም በዚያው ጊዜ ነፃ ወጥተዋል። መድኃኒት፣ ሐኪም ያዘዘውም ሆነ ከመደርደሪያ የሚነሣው፣ እንዲሁም የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ከዚያ በፊትም ነፃ ነበሩ። ስለዚህ ከ3 ዶላር ከ78 ሳንቲሙ ውስጥ በትክክል መክፈል የነበረብዎ 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነው። ቀሪውን 1 ዶላር ከ68 ሳንቲም ሱቁ ሊመልስልዎ ይገባል።

አዲስ ገቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ይህን አንብባ «አላልሁህም?» ብላኛለች፤ ዳይፐሩን ብቻ ነው ያየችው። ሱቁ ያንን 1 ዶላር ከ68 ሳንቲም ኪሱ ከትቶት ይሆን?

ባለ ሱቋ፣ ሜሪላንድ

በዚህ ጥያቄ ላይ ከገንዘብ መሳቢያው ኋላ ቆሜ ልናገር። የሐበሻ ሸቀጥ መደብር ሳስተዳድር ብዙ ዓመታት አልፈውኛል። ሻጭ በታክስ ስም የተቀበለውን ገንዘብ፣ በስሕተትም ቢቀበለው፣ ለኮምፕትሮለር ማስገባት አለበት እንጂ ለራሱ ማስቀረት አይችልም። ስለዚህ ያ ሱቅ በጠያቂው ዳይፐር አልከበረም። እንዲያውም ሰው የማያየው ጭንቀት በእኛ በኩል ነው። ማስከፈል ሲገባኝ ሳላስከፍል ብቀርና ኦዲተር ቢመጣ፣ ያልሰበሰብሁትን ታክስ ከነወለዱ ከኪሴ እከፍላለሁ፤ ሳይገባኝ ባስከፍል ግን አብዛኛው ደንበኛ ደረሰኙን ሳያይ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ባለ ሱቅ ሲጠራጠር እጁ የሚያጋድለው ወደ ማስከፈል ነው። ተንኮል አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ደግሞም ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ታክስ አለበት ወይም የለበትም ተብሎ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ሕጉ ሲለወጥ ሄዶ የሚያስተካክለው ሰው ከሌለ ስሕተቱ ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል። ዳይፐሩን ያገኘውም ይኸው ይመስለኛል።

በእኛ ገበያ ሰውን የሚያጨቃጭቁትን ነገሮች ላንሣ። የመጀመሪያው ሥጋ ነው። ደንበኛ ሁለት ፓውንድ ጥሬ ሥጋ አስመዝኖ በወረቀት ተጠቅልሎለት ወደ ቤቱ ሲወስድ ታክስ የለበትም። ያንኑ ሥጋ ታላቅ ከሚባለው ብልት «ቁረጭልኝ» ብሎ በአዋዜና በሚጥሚጣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲበላው ግን 6 በመቶ ይከፍላል፤ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ የሚበላ ምግብ ነፃ አይደለም። «ሥጋው ያው፣ ቢላዋው ያው፣ ምን ተለወጠ?» የሚሉኝ አሉ። የተለወጠው ቦታው ነው። ሁለተኛው ቡና ነው። ጥሬውም የተቆላውም የተፈጨውም በከረጢት ሲሸጥ ነፃ ነው፤ ፈልቶ በስኒ ሲቀርብ ታክስ አለበት። ጀበናና ስኒ ራሳቸው ዕቃ ናቸው፤ ሁልጊዜ ይከፈልባቸዋል፤ ዕጣንም እንዲሁ። ማር ነፃ ሲሆን ጠጅ ሆኖ ሲሸጥ የአልኮሉን 9 በመቶ ይሸከማል። ለክርስትና ወይም ለምርቃት የሚታዘዝ ትሪ፣ ምግቡ የቀዘቀዘም ቢሆን፣ የድግስ ትሪ ስለሆነ ይከፈልበታል።

ሌላው፣ ከእኔ ጋር ቅርበት ያላቸው ሰዎች አልፎ አልፎ የሚጠይቁኝ ነገር አለ፤ «በንግድ ቁጥርሽ ቴሌቪዥን ግዥልኝ» ይሉኛል። ነጋዴ መልሶ ለሚሸጠው ዕቃ ሲገዛ ታክስ አይከፍልም፤ አገር ቤት ቫት በየደረጃው እየተከፈለ እየተቀናነሰ እንደሚመጣው ሳይሆን፣ የሽያጭ ታክስ የሚሰበሰበው ዕቃው የመጨረሻው ተጠቃሚ እጅ ሲገባ ብቻ ነው። ያንን የንግድ ቁጥር ለግል ዕቃ መግዣ ማዋል ግን ሕግ መጣስ ነው። ለእኅቴም አላደረግሁትም፤ አኩርፋኝ ነበር።

ማዶኛው፣ አሌክሳንድሪያ

እንደምን ዋላችሁ። ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ ማዶ ደንቡ ሌላ ስለሆነ ወደ ቨርጂኒያ እየተሻገራችሁ የምትገዙ እንዳትደናገሩ። በሰሜን ቨርጂኒያ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው። ለቤት የሚገዛ ምግብ ላይ ክፍለ ግዛቱ ያስከፍል የነበረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ተነሥቷል፤ ለአካባቢ አስተዳደር የሚገባው 1 በመቶ ግን ቀርቷል። ስለዚህ እዚህ ጤፍ ሙሉ በሙሉ ነፃ አይደለም፤ በ40 ዶላር ጤፍ ላይ 40 ሳንቲም ትከፍላላችሁ። ዳይፐርና የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያም በዚያው በ1 በመቶ ነው የሚታሰቡት።

የሚገርመው ከረሜላው ነው። ቨርጂኒያ «ምግብ» የሚለውን ቃል የተዋሰችው ከፌዴራሉ የፉድ ስታምፕ (ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሰጥ የምግብ መግዣ እርዳታ) ሕግ ነው፤ በዚያ ሕግ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ምግብ ናቸው። እናም ሜሪላንድ 6 በመቶ የምታስከፍልበት ከረሜላ እዚህ 1 በመቶ ብቻ ነው። በዚያው ምክንያት የሚበላ ነገር የሚያበቅል ዘርና ችግኝ በምግብ ምጣኔ ይሸጣል። ጓሮዬ ለምተክለው የጎመን ዘር 1 በመቶ ከፍዬ፣ አጠገቡ ለነበረው የጽጌረዳ ችግኝ 6 በመቶ ከፍያለሁ፤ ባለቤቴ ጎመኑን ሳይሆን ጽጌረዳውን ነበር የምትፈልገው።

ምግብ ቤት ስትገቡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሌክሳንድሪያ ከተማ በምግብ ቤት ምግብ ላይ የራሷን 5 በመቶ ስለምትጨምር ከ6 በመቶው ጋር 11 በመቶ ይደርሳል። ዋሽንግተን ዲሲም በምግብ ቤት ምግብ ላይ 10 በመቶ ታስከፍላለች፤ የግሮሰሪ ምግብ ግን እዚያ ነፃ ነው። በሦስቱ አካባቢዎች መካከል ያለውን ርቀት በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ማቋረጥ ይቻላል፤ አንድ ክትፎ ግን ሦስት የተለያየ ታክስ አለው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሃያትስቪል

ይህን ርእስ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። እኔ የፉድ ስታምፕ ገንዘብ በሚሞላበት በኢቢቲ ካርድ ስገዛ ለስላሳ መጠጥ ላይ ታክስ አይታሰብብኝም፤ ካርዱ ሲያልቅና በራሴ ገንዘብ ስገዛ ግን ይታሰብብኛል። ያው ሱቅ ነው፣ ያው ዕቃ ነው። ስሕተት እየተሠራልኝ ከሆነ በኋላ ዕዳ እንዳይመጣብኝ ፈርቻለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሮክቪል

እኅታችን፣ ምንም አይፍሩ፤ ስሕተት አይደለም። የፌዴራል ሕግ በፉድ ስታምፕ ገንዘብ በተገዛ ምግብ ላይ ማንኛውም ክፍለ ግዛት የሽያጭ ታክስ እንዳይሰበስብ ይከለክላል። ለእናቶችና ለሕፃናት በሚሰጠው በዊክ የሚገዛውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ለስላሳው በካርዱ ሲከፈል ነፃ፣ በኪስ ገንዘብ ሲከፈል ባለ ታክስ ነው። አንድ ምክር ልጨምር፦ በአንድ ግዢ ላይ ከፊሉን በካርድ ከፊሉን በገንዘብ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ሳሙናና ሌሎች ምግብ ያልሆኑ ዕቃዎችን ለብቻ አድርገው ያስመቱ። ደረሰኙ ይጠራል፤ ስሕተት ቢኖርም ወዲያው ይታያል።

የሚኒያፖሊሱ

እኔ ደግሞ ከሩቅ፣ ከሚኒሶታ ነኝ። የክፍለ ግዛቱ ምጣኔ 6.875 በመቶ ሲሆን ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ሁሉም ተደማምሮ 9.025 በመቶ ነው። ምጣኔው ከእናንተ ይብሳል፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ልብስና ጫማ ዓመቱን ሙሉ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን ነፃ ነው። ለሠርግ የታዘዘ የ600 ዶላር የሐበሻ ቀሚስም አንድ ሳንቲም ታክስ የለበትም። ከእርሱ ጋር የሚያዘው የእጅ ቦርሳና ጌጣጌጥ ግን አለበት፤ ከነፀጉሩ ካለ የእንስሳ ቆዳ የተሠራ ካፖርትም እንዲሁ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወርዶ በሚከርምበት አገር ካፖርት ላይ ታክስ አለመኖሩን ማንም ይረዳዋል።

ከረሜላ እኛም ዘንድ ይከፈልበታል፤ ትርጉሙ ግን ያስቃል። ዱቄት የገባበት ጣፋጭ በሕግ ከረሜላ አይባልም። ስለዚህ ውስጡ ብስኩት ያለበት ቸኮሌት ነፃ ሲሆን ብስኩት የሌለበት ቸኮሌት ይከፈልበታል። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው የምቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ሱቅ ወስጄ ሁለቱን ለየብቻ አስመትቼ ደረሰኙን አሳየኋቸው።

እንግዳ ከላውረል

እንግዲያው እዚህም ብስኩት ያለበትን ቸኮሌት ብንገዛ ነፃ ነው ማለት ነው?

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሮክቪል

አይደለም። የዱቄቱ ትርጉም ከሃያ በላይ ክፍለ ግዛቶች የሽያጭ ታክስ ቃላቸውን አንድ ለማድረግ ከገቡት ስምምነት የመጣ ነው። ሚኒሶታ አባል ናት፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አይደሉም። ሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ዘመድ የነገራችሁን ይዛችሁ እዚህ ካለች ገንዘብ ተቀባይ ጋር አትከራከሩ የምለው ለዚህ ነው። በጆርጂያ የግሮሰሪ ምግብ ከክፍለ ግዛቱ ታክስ ነፃ ቢሆንም የካውንቲው ይከፈልበታል፤ ናሽቪል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ለቴነሲ ለእንጀራቸውም 4 በመቶ ይከፍላሉ፤ የአካባቢው ታክስ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ተማሪ አሳዳጊ፣ ጀርመንታውን

ስለ ልብስ ከተነሣ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ታክስ የማይታሰብበት ሳምንት አለ ይባላል፤ መቼ ነው? ሦስት ልጆች ስላሉኝ ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የሐበሻ ልብስስ ይገባበታል?

ባለ ሱቋ፣ ሜሪላንድ

አለ። በኦገስት ወር ከሁለተኛው እሑድ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል። እያንዳንዱ ልብስ ወይም ጫማ ዋጋው 100 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ ነፃ ነው። የሚቆጠረው በአንድ ዕቃ እንጂ በጠቅላላ ድምር ስላልሆነ፣ እያንዳንዳቸው 60 ዶላር የሆኑ አምስት ጫማዎች ቢገዙ አምስቱም ነፃ ናቸው። ዋጋው 105 ዶላር የሆነ ጫማ ግን በ5 ዶላሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉው ላይ ይከፈልበታል። የጀርባ ቦርሳ ለየት ይላል፤ የመጀመሪያው 40 ዶላር ነፃ ሆኖ ከዚያ በላይ ባለው ይከፈላል። ስለዚህ የ110 ዶላር ቦርሳ በ70 ዶላሩ ላይ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም አለበት። ደብተርና እርሳስ በሜሪላንድ አልተካተቱም፤ ቨርጂኒያ በኦገስት መጀመሪያ በምታደርገው የሦስት ቀን ጊዜ ግን እስከ 20 ዶላር ድረስ ያለ የትምህርት ቤት ዕቃ ከእስከ 100 ዶላሩ ልብስ ጋር ነፃ ነው።

የሐበሻ ቀሚስ ልብስ ነው፤ ከ100 ዶላር ካልበለጠ ነፃ ነው፣ ምንም ክርክር የለውም። ነጠላን በተመለከተ ግን፣ ጌጣጌጥ፣ ቦርሳ፣ ከረባትና የአንገት ሻሽ ተጨማሪ ጌጥ ተብለው ከነፃው ወጥተዋል። እኔ ነጠላን ከሻሽ ወገን ቆጥሬ ታክሱን አስከፍላለሁ። አንዲት እናት «ነጠላ ጌጥ ነው ያለሽ ማን ነው? ያለ እርሱ ቤተ ክርስቲያን ይገባል እንዴ?» ብለው ተቆጥተውኛል። በሃይማኖት እርሳቸው ልክ ናቸው፤ በኦዲተር ፊት ግን የምቆመው እኔ ነኝ።

የሰበካ ጉባኤ አባል

ቤተ ክርስቲያንን ካነሣችሁ አይቀር፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ጧፍና ዕጣን ስንገዛ ታክስ መክፈል አለብን?

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሮክቪል

ቤተ ክርስቲያኑ ከኮምፕትሮለር የነፃነት ምስክር ወረቀት ካለው አይከፍልም፤ ግዢው ግን ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ መሆን አለበት፣ ክፍያውም በቤተ ክርስቲያኑ ቼክ ወይም ካርድ መፈጸም አለበት። ምእመን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ በስጦታ ሲያስገባ ታክሱን ይከፍላል። ምስክር ወረቀቱ የድርጅቱ እንጂ የአባላቱ አይደለም።

መንገደኛው

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ደላዌር የሽያጭ ታክስ የላትም። እኔ ትልልቅ ዕቃ ስፈልግ መኪናዬን አስነሥቼ እሄዳለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሮክቪል

የሽያጭ ታክስ የሌላቸው አምስት ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ ደላዌር፣ ኒው ሃምፕሺር፣ ሞንታና፣ ኦሪገንና አላስካ፤ አላስካ ውስጥ ግን ከተሞች ያስከፍላሉ። ወደ ደላዌር መሄድ አይከለከልም፤ ነገር ግን ዕቃውን ሜሪላንድ አምጥተው ሲገለገሉበት ያንኑ 6 በመቶ «የመጠቀሚያ ታክስ» በሚባል ስም ራስዎ አስታውቀው እንዲከፍሉ ሕጉ ይጠይቃል። ብዙ ሰው እንደማይከፍለው አውቃለሁ፤ ባለመታወቁ ግን ሕጋዊ አይሆንም። መኪና ላይ ደግሞ ከቶ አይሠራም። ከየትም ይግዙት፣ ሜሪላንድ ሲያስመዘግቡት ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ይከፍላሉ። በኢንተርኔት መግዛትም ማምለጫ መሆኑ ቀርቷል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 በዌይፌር ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ክፍለ ግዛቶች ከሩቅ ሻጮችም ያስከፍላሉ፤ የሚታየውም ዕቃው የሚላክበት አድራሻ ነው። የሚጠቅመው ነገር፣ ዳይፐር በኢንተርኔት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲያዝዙም ነፃ መሆኑ ነው።

ለጠያቂው የቀረችኝን ልንገር። ደረሰኝዎን ሲያዩ ከዋጋው አጠገብ ትንሽ ፊደል ትኖራለች፤ ብዙ ሱቆች ታክስ ያለበትን በአንድ ፊደል፣ የሌለበትን በሌላ ይለያሉ፤ ከታችም የፊደሎቹ ትርጉም ይጻፋል። በተጨማሪም ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2012 ጀምሮ ለመያዣ ከረጢት የሚያስከፍለው ሳንቲም የሽያጭ ታክስ አይደለም፤ የራስዎን ዘንቢል ይዘው ከሄዱ አይከፍሉትም። የዳይፐሩን ገንዘብ መጀመሪያ ከሱቁ ይጠይቁ። ሱቁ እንቢ ቢል ደረሰኙን ይዘው ለኮምፕትሮለር ማመልከት ይችላሉ፤ ከከፈሉበት ቀን አንሥቶ አራት ዓመት ጊዜ አለዎት። ለ1 ዶላር ከ68 ሳንቲም አያመለክቱ ይሆናል፤ የስድስት ወር ዳይፐር ግን ሌላ ነው።

አዲስ ገቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ የቆዩ ደረሰኞችን ሁሉ በኩኪስ ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጥ ስለነበር ቁጭ ብለን ቆጠርናቸው፤ ከዚያው ሱቅ ዳይፐር የገዛንባቸው ዐሥራ አንድ ደረሰኞች ተገኙ። እያንዳንዳቸው 28 ዶላር ስለነበሩ በስሕተት የተከፈለው 18 ዶላር ከ48 ሳንቲም ሆነ። ቅዳሜ ይዣቸው ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ፤ ከዚያ ዳይፐሩን ራሱ በማሽኑ አስመትቶ አየና ዝም አለ። ገንዘቡን ቆጥሮ ከመለሰልኝ በኋላ ከኋላ በር የጡጦና የሕፃን የመኪና ወንበር ሳጥኖች አስመጥቶ እነርሱንም ማስመታት ጀመረ። ሁለቱም ታክስ ነበረባቸው። ከእኔ ኋላ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ትቼው ወጣሁ።

ሳምቡሳውን በተመለከተ፣ ሒሳብ ሠራተኛው የጻፉትን አስታውሼ በዚያው ቀን ከሙቀት መስታወቱ ሳይሆን ከማቀዝቀዣው አራት አንሥቼ ገዛሁ። ታክሱን የምታመለክተው ፊደል በደረሰኙ ላይ አልነበረችም። ቤት ወስጄ በምድጃ ሳሞቀው ባለቤቴ ጠረኑ ሲሸታት «ስንት ተቆረጠብህ?» አለችኝ። ምንም አልሁ። ደረሰኙን አሳየኝ አለች፤ አይታም ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው።